ዘጠኝ ጊዜ ከእንጆሪው ሐረግ ሥር

«ፍጠኚ እንጂ፣ ኬቱራ። ፀሐይዋ እኮ እኛን አትጠብቅም» አለችኝ ሚስ ላቪኒያ።

እንዳልፈጥን የያዘችኝ ግን እሷው ነበረች። ወደ ሆክስደን ኮረብታ የሚወጣው መንገድ ለአንድ ጋሪ እንኳ አይበቃም። ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት የበለጠ የቁጥቋጦ አጥር ነው። የእመቤቴ ቀሚስ ደግሞ ከሥሩ በብረት ቀፎ ተወጥሮ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። እኔ ከኋላዋ ጎንበስ ብዬ፣ ጤዛ እንዳይነካው ጫፉን በሁለት እጄ ሰብስቤ እከተላለሁ። ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል።

ቀሚሱ ከኤክሰተር ከመጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ሐር ነው፤ ቀለሙም በዚያ ሰሞን የለንደንን ሴቶች ያሳበደው አዲሱ ሐምራዊ ነው። ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ ነው የሚወጣው ሲሉ ሰምቼ አላመንኩም ነበር። የሚስ ላቪኒያ እናት ሌዲ ትሬሄርን ያሰፉላት ለነገው የቅዱስ ሚካኤል ግብዣ ነው። ከሣጥኑ ያወጣነው ዕለት «አንዲት ክር ብትመዘዝ፣ ኬቱራ፣ የምስክር ደብዳቤ ሳትይዢ ነው ከዚህ ቤት የምትወጪው» ብለውኛል። የምስክር ደብዳቤ የሌላትን ሴት ደግሞ በዴቨን ምድር ሳህን አጣቢ አድርጎ እንኳ የሚቀጥር ቤት የለም።

«ሌላ ቀሚስ ቢለብሱ ምን ነበረበት፣ እሜቴ?» አልኳት ለሦስተኛ ጊዜ።

«ግጥሙ ቀለሙን ይፈልጋል። ጥቁር እንጆሪ መካከል ስቆም እንጆሪ መምሰል አለብኝ። አለዚያ ስሜቱ ከየት ይመጣል?»

ሚስ ላቪኒያ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ሴቶች በገና ሰሞን ስጦታ ለሚለዋወጡበት፣ ጠርዙ ወርቅ ለተቀባ የግጥም መድበል ትጽፋለች። አዘጋጆቹ እስካሁን ሁለት ጊዜ ግጥሟን መልሰውባታል። በዚህ ጊዜ ግን ስለ እንጆሪ አጥር የሚያስለቅስ ነገር ጽፋ ልትረታቸው ቆርጣለች። ትንሿን ደብተር ከእጅጌዋ አውጥታ እየሄደች አነበበችልኝ።

«የመኸር ልጅ፣ የአጥር ሥር ንግሥት፣
በእሾህ ዙፋን ላይ ያለሽ ሉል፣
ቀይ ሳለሽ እንደ ፊተኛ ፍቅር ጣፋጭ...»

«የአጥር እንጆሪ ሲበስል ይጠቁራል፤ ቀዩ ጥሬው ነው፣ እሜቴ። አፍ ያኮማትራል።»

«በአንቺ አፍ ነው ጥሬ የሆነው። በግጥም ግን ቀዩ ይሻላል።»

እሷ እንጆሪን የምታውቀው በማርማላታ ማሰሮ ውስጥ ነው። ለቅማ አታውቅም፤ ጣቷም ጠቁሮ አያውቅም። እኔ ነበርኩ ጥፋተኛዋ። ማታ ጸጉሯን ሳበጥር አፌ አምልጦኝ የእህቴን ነገር የነገርኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ካልሄድኩ ብላ እንቅልፍ ነሳችኝ።

የእህቴ ነገር እንዲህ ነው። ዶርካስ በጸደይ ሴት ልጇን ሄስተርን በትክትክ ቀበረች። አሁን ደግሞ የአሥራ ስድስት ወሩ ጃቤዝ ያንኑ ሳል ያዘው፤ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ሐኪሙ አንዴ መጥቶ ሽሮፕ ሰጠና «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ሄደ። የቀረው የአጥቢያችን አዋቂ አሮጊት የእማማ ቮስፐር መድኃኒት ነው። እሱም ጫፉ ተመልሶ መሬት ገብቶ ሥር ከሰደደ የእንጆሪ ሐረግ ሥር ልጁን ማሳለፍ ነው። ሁለቱም ጫፉ መሬት የያዘ እንዲህ ያለ ሐረግ በአጥቢያችን አንድ ብቻ ነው፤ ያለውም ሆክስደን ላይ ነው። የቀረውም ጊዜ ያ ጠዋት ብቻ ነበር። ሰይጣን ቅዱስ ሚካኤል ከሰማይ ሲጥለው የወደቀው እንጆሪ እሾህ ላይ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ በሚካኤል ዕለት እየመጣ ይተፋበታል፤ ከዚያ ወዲያ ፍሬው አይበላም፣ ሐረጉም አያድንም። ይህን በእኛ አገር የማያውቅ ሕፃን የለም።

አምን ነበር ወይ? እኔም አላውቅም። እሑድ ቄሱ «የአረማውያን ተረት» ብለው ሲገስጹ ትክክል ናቸው እላለሁ። ሰኞ ጃቤዝ ስሎ ስሎ ትንፋሽ አጥሮት ከንፈሩ ሲጠቁር ሳይ ደግሞ ትክክል የሆኑት እማማ ቮስፐር ናቸው። ጎርፍ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል።

ስንደርስ ዶርካስ ልጇን በጋቢዋ ጠቅልላ ቆማለች። እማማ ቮስፐር ደግሞ ሐረጉ ሥር ያለውን ሳማ በዱላቸው ይጠራርጋሉ። ዶርካስ ለሚስ ላቪኒያ እጅ ነሳችና ወደ እኔ ጠጋ ብላ፦

«እመቤትሽን ምን አመጣት?»

«ግጥም።»

«በልጄ?»

«ምንም አልናገርም» አለች ሚስ ላቪኒያ፤ ሰምታን ኖሯል። «እንደሌለሁ ቁጠሩኝ።»

«እንዴት ተደርጎ፣ እሜቴ?» አሉ እማማ ቮስፐር። «መንገዱን ሞልተውታል እኮ።»

ከዚያ ሕጉን ነገሩን። እናት ተንበርክካ ልጁን ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጋ ከሐረጉ ሥር ታሳልፋለች፤ እሳቸው ከወዲያ ይቀበሉና ዞረው ይመልሱላታል። ዘጠኝ ጊዜ ነው። ፀሐይ ከማዶው ኮረብታ ጫፍ ሳትላቀቅ ማለቅ አለበት። እስኪያልቅ ሐረጉ አይቆረጥም፣ ጫፉም አይነቀልም፤ ልጁ እየተላለፈ ሳለም ማንም ቃል አይናገርም።

«ስምንት ከሆነ በሽታው ደጅ ቆሞ ይቀራል» አሉ። «አሥር ከሆነ ደግሞ ያስወጣነውን እንግዳ መልሰን እንደመጥራት ነው። ዘጠኝ።»

«ሳልን በእሾህ?» አለች ሚስ ላቪኒያ።

«እሾህን በእሾህ ነው፣ እሜቴ።»

ዘጠኝ የበሰለ ፍሬ ለቅመው በግራ መዳፋቸው ያዙ። ልጁ ባለፈ ቁጥር አንዷን ወደ ኋላቸው ይጥላሉ። እሳቸው የሚያውቁት ቆጠራ ይኸው ነው።

ተጀመረ። አንድ። ጃቤዝ ከእናቱ እጅ ወደ አሮጊቷ እጅ ሲያልፍ ዓይኑን አፍጥጦ ሐረጉን አየ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ሳሉ መጣበት። መሀል ላይ፣ እሾኹ ሥር፣ ያቺ ትንሽ ደረት እየተሸበሸበች ሳል በሳል ላይ ተደራረበ፤ ትንፋሹን ሲስብ እንደ ዶሮ ጮኸ። ዶርካስ ራሱን ደግፋ ጠበቀችውና አሳለፈችው። እኔ እስከዚያ ድረስ ቆጥሬአለሁ። እምላለሁ፣ እስከ ሦስት ቆጥሬአለሁ።

ከዚያ ዓይኔ ሌላ ነገር አየ። ሚስ ላቪኒያ የልጁን ፊት ለማየት በእግር ጣቷ ጫፍ እየተራመደች ወደ አጥሩ ትጠጋለች። በተጠጋች ቁጥር ቀፎው ይወዛወዛል፣ ሐሩ እሾኹን ሊነካ አንድ ስንዝር ይቀረዋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠጋል። መናገር አይቻልም። በእጄ ምልክት አሳየኋት፤ አላየችኝም። ከጀርባዬ ልጁ ያልፋል፣ ይዞራል፣ ያልፋል፤ እኔ የማየው ግን ሐሩን ነው። ሌዲ ትሬሄርንን ነው የማስበው። ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ነፋስ ነፈሰ። ቀሚሱ ተነስቶ አጥሩ ላይ አረፈ፤ እሾኹም ያዘው። እሷ ደንግጣ ሳበችው፤ ሌላው እሾህ ዳንቴሉን ያዘ። ዞር ስትል ጸጉሯን ያዘ። ቀፎው ተጋደመ፣ እግሯ ተንሸራተተ፣ ሚስ ላቪኒያም ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ እሾኹ መካከል ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ነው ተርቡ የገባው። በዚያ ሰሞን ተርብ ሁሉ በበሰለ እንጆሪ ሰክሮ አጥር ሥር ነው የሚውለው፤ አንዱ ከቀሚሷ ሥር ገብቶ ቀፎው ውስጥ ይጮኻል።

የሷ ጩኸት ግን የተርቡን አስረሳን። እማማ ቮስፐር ክው ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ በመዳፋቸው የቀረ ፍሬ ከነበረም ረገፈ።

«አይንቀሳቀሱ» አሉ። «እሜቴ፣ በፈጣሪ ይዤዎታለሁ፣ አይንቀሳቀሱ። ቀሚስዎ ሐረጉን ይዞታል። ከሳቡት ጫፉ ይነቀላል።»

«ቀሚሴ ውስጥ ተርብ አለ።»

«ይኑር።»

«ስንት ሆነ?» አለች ዶርካስ።

እማማ ቮስፐር ባዶ መዳፋቸውን አዩ፤ ከዚያ መሬቱን። እሳቸው የጣሉት ፍሬ የቱ፣ ነፋስ ያረገፈው የቱ እንደሆነ ማን ይለያል? መሬቱ በሙሉ ጥቁር ነው።

«ሰባት» አሉ። «ሰባት መሰለኝ።»

«መሰለኝ ምን ማለት ነው፣ እማማ? ስምንት ጊዜ ሰጥቼዎታለሁ።»

«ስምንት ካልሽ እንግዲህ...»

«ስምንት ነው። ወይስ...» ፊቷ ተለዋወጠ። «ሲስል ራሱን ደግፌለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው የተምታታብኝ።»

«ዘጠኝ ነው» አለች ሚስ ላቪኒያ ከአጥሩ ውስጥ። «ዘጠኝ ሆኗል፣ አልቋል። ሐረጉን ቁረጡልኝ።»

ሦስት ሰው፣ ሦስት ቁጥር። ኮረብታው ጫፍ ላይ ሰማዩ ነጥቶ ዳር ዳሩ ወርቅ መሆን ጀምሯል።

«እሷማ ለመውጣት ነው» አሉ እማማ ቮስፐር በሹክሹክታ።

ዶርካስ ወደ እኔ ዞረች። «ኬቱራ፣ አንቺ ቆጥረሻል አይደል? ከልጅነትሽ ጀምሮ ነገር አይጠፋብሽም። ንገሪኝ።»

ከሁለት ያጣሁ ጎመን ሆንኩ። ዘጠኝ ብል ሐረጉ ይቆረጣል፣ እመቤቴ ትወጣለች፣ ቀሚሱም በጥቂት ጥገና ይተርፋል፣ እንጀራዬም አይቋረጥም፤ ልጁ ግን ምናልባት ሳይጨርስ ይቀራል። ስምንት ብል አንድ ይቀራል ማለት ነው፤ ግን ዘጠኝ ከነበረ በገዛ ቃሌ አሥር አደርገዋለሁ። ሰባት ከነበረስ? በሐረግ ማመኔን እንኳ የማላውቅ ሴት በሐረግ ቁጥር እንዲህ እንቀጠቀጣለሁ።

የዶርካስን ፊት አየሁት። ያን ፊት በጸደይ፣ የሄስተር ትንሽ ሣጥን ሲወርድ አይቼዋለሁ። ያኔ የጎደላት እርግጠኛ የሆነ አንድ ሰው ነበር፤ ሁላችንም «እግዚአብሔር ያውቃል» ብቻ ነበር ያልናት።

«ስምንት ነው» አልኩ። ድምፄ እንደ ዳኛ ድምፅ ነበር። «አንድ ይቀራል።»

«ተመስገን» አለች ዶርካስ።

«ኬቱራ» አለች ሚስ ላቪኒያ። «ሐረጉን ቁረጪ። ትእዛዝ ነው።»

ከወገቤ ሰንሰለት መቀሱን ፈታሁ። አጠገቧ ተንበረከክሁ። የቀሚሱ መቆለፊያ ከጀርባዋ ነው፤ ጀርባዋ ደግሞ እሾኹ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከወገቧ ፊት ለፊት ጀመርኩና ሐሩን ዙሪያውን ቆረጥኩት። ሐር ሲቆረጥ የሚያሰማው ድምፅ ቀጭን ነው። እሷ መጀመሪያ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ዘጋችው። በመካከሉ ተርቡ ጭኗ ላይ ሳይነድፋት አልቀረም፤ ከንፈሯን ስትነክስ አይቻታለሁ። የቀፎውንም ማሰሪያ በጠስኩ። ጸጉሯን አንድ በአንድ ከእሾኹ አላቀቅሁ። በውስጥ ልብሷ ብቻ፣ በአራት እግሯ፣ እየዳኸች ወጣች፤ ሐምራዊው ቀሚስ ከነቀፎው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የሐረጉ ጫፍ አልተነቀለም።

ዶርካስ ተንበረከከች። ጃቤዝ አለፈ። እማማ ቮስፐር ተቀበሉት፤ የፀሐይዋም ጠርዝ ያኔውኑ ከኮረብታው ተላቀቀ። ልጁ ትንሽ ሳለ፣ አለቀሰ፣ እናቱ ትከሻ ላይም ተኛ።

ካባዬን ለሚስ ላቪኒያ አለበስኳትና ተመለስን። እኔ ቀፎውን ትከሻዬ ላይ፣ የሐሩን ቁርጥራጭ እቅፌ ውስጥ ይዤአለሁ። አሁን መንገዱ በቃን፤ ጎን ለጎን ሄድን። እሷ ታነክሳለች።

«ቆጥረሽ ነበር?» አለችኝ ድንገት።

«አዎን፣ እሜቴ።»

«አልቆጠርሽም። ዓይንሽ ከቀሚሴ ላይ አልተነሳም፤ አይቼሻለሁ።»

የሐሩን ቁርጥራጭ እቅፌ ውስጥ አጠበቅሁት።

«እኔ ግን ቆጥሬአለሁ» አለች። «የግጥም ቤት የምቆጥረው በጣቴ ነው፤ ልማድ ነው፣ ሳላስበውም እቆጥራለሁ። ዘጠኝ ነበር፣ ኬቱራ።»

ቀፎው ከትከሻዬ ተንሸራቶ መንገዱ ላይ ተንከባለለ። «ለምን... ለምን አልነገሩንም?»

«ነገርኳችሁ እኮ። ተርብ የገባባት ሴት ምን ብትል ትታመናለች?»

አሥር። ያስወጣነውን እንግዳ መልሰን ጠርተነዋል፤ የጠራሁትም እኔ ነኝ። ተረት ነው፣ የአረማውያን ተረት ነው ብዬ ቄሱን ለማሰብ ሞከርኩ፤ የመጣብኝ ግን የሄስተር ሣጥን ነው። ልቤ ተሰበረ። ተመልሼ ልንገራት? ነግሬአትስ ምን ታድርግ? ሐረጉ ነገ የሰይጣን ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ይሆን?

እንዲህ ስል ከኋላችን የእንጨት ጫማ ድምፅ ሰማን። ዶርካስ ናት። ልጁን ትከሻዋ ላይ እንዳስተኛች እያለከለከች ደረሰችብን። እኔን አላየችኝም፤ ቀጥታ ወደ ሚስ ላቪኒያ ሄደች።

«እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እረፍት አጣሁ። ቅድም ዘጠኝ ያሉት ቆጥረው ነው?»

ሚስ ላቪኒያ በሕይወቷ ለሠራተኛ ሰው ጥፋት አምና አታውቅም። ሻይ ብትደፋ ስኒው ነው ጥፋተኛው። ጸጉሯ ተበታትኖ፣ በእኔ አሮጌ ካባ ተጠቅልላ ቆመችና ልጁን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አልቆጠርኩም» አለች።

«ታዲያ?»

«ፈርቼ ነበር፤ እንድትቆርጡልኝ ብዬ ነው። እህትሽ ናት ትክክል። ስምንት ነበር፤ አሁን ነው ዘጠኝ የሞላው።»

ዶርካስ ትንፋሿ ወጣ፣ ትከሻዋም ወረደ። ፊቷ ላይ ሦስት ሳምንት ያላየሁት ሰላም መጣ። ሰላሙን ተከትሎ ግን ሌላ ነገር መጣ።

«በልጄ ነፍስ ላይ፣ እሜቴ?» አለች በዝግታ። «ለአንድ ቀሚስ ብለው?»

ሚስ ላቪኒያ ካባውን አንገቷ ላይ ሰበሰበች። ዶርካስ ትንሽ ጠበቀቻት፤ ከዚያ እጅ ሳትነሳ ዞራ ሄደች። የትሬሄርን ቤት ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ እጅ ያልነሳው ሰው በአጥቢያችን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሚስ ላቪኒያ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ አልጠራቻትም።

ቀፎውን አነሳሁ። ወደ ቤት የሚያስገባው በር ጋ ስንደርስ ቆመች።

«የቀሚሱን ነገር ለእናቴ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ። እኔ አልችላትም።»

«እሺ፣ እሜቴ።»

መንገሩ እንኳ አላስፈራኝም፤ ሌላ ነገር ነበር የከነከነኝ። ለእኔ ዘጠኝ አለችኝ፣ ለእህቴ ስምንት አለቻት። ከሁለታችን አንዳችንን ዋሽታለች። እኔን የዋሸችኝ ቀሚሷን ስለቆረጥኩ ተናዳ ይሆን? ወይስ ለእህቴ እንቅልፍ ስትል የራሷን ስም አጎደፈች? ፊቷን ባየው ባየው ምንም አላነበብኩበትም።

«እሜቴ» አልኳት። «የቱ ነው እውነቱ?»

በሩን ከፍታ ገባች። እንድከተላትም በሩን ያዘችልኝ።

«ለእህትሽ የነገርኳትን ያዢ» አለችኝ።